ሰዓት እንደ ወርቅ ይቀመጣል? ስለ ውድ ሜካኒካል ሰዓቶች ከጎንደር ሆኖ ሲታሰብ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ "ብሬን ምን ላይ ላስቀምጠው" የሚለው ጥያቄ የሁሉም ሰው ጥያቄ ሆኗል፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። መሬት የሚል አለ፣ ወርቅ የሚል አለ፣ መኪና የሚልም አለ። አሁን አሁን ደግሞ ፒያሳ ቡና ይዘው የተቀመጡ ወጣቶች ጋርም ቴሌግራም ላይም "ሮሌክስ ግዛና አስቀምጠው፣ እሱ ማለት ዶላር ነው" የሚል ምክር እየተለመደ መጥቷል። ጥር ላይ ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣው ዘመድ እጁ ላይ አስሮት ሲታይ ወሬው ይብሳል፣ ዋጋው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድም እያደገ ነው የሚሄደው።

ወሬው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። አንዱ ሰዓቱ ራሱ ነው፣ ማለትም እንዴት ይሠራል፣ ለምን ተወደደ፣ የትኛው ይመረጣል የሚለው። ሌላው ሰዓት እንደ ገንዘብ ማስቀመጫ ነው። ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሰው ነው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

ሜካኒካል ሲባል ምን ማለት ነው

ሜካኒካል ሰዓት ባትሪ የለውም፣ ኃይሉን የሚያገኘው ከተጠቀለለ ሞላ ነው። ሞላው ወይ ጎን ላይ ያለችውን ማዞሪያ በጣት እያዞሩ ይሞላል፣ ወይ ደግሞ ውስጡ ያለ ግማሽ ክብ ብረት እጃችን በተወዛወዘ ቁጥር እየዞረ ይሞላዋል፣ ይሄኛውን ነው ኦቶማቲክ የምንለው። የሞላው ኃይል በትንንሽ ጥርሶች እየተላለፈ ሄዶ ኢስኬፕመንት የሚባል ቦታ ላይ ይደርሳል፣ የሱ ሥራ ኃይሉ ባንዴ ተለቅቆ እንዳያልቅ እየያዘ እየለቀቀ በልክ ማሳለፍ ነው። ልኩን የምትሰጠው ደግሞ ባላንስ የምትባል ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ ጎማ ናት፣ መሀሏ ላይ በጣም ቀጭን የሆነ ጠምዛዛ ሞላ አለ፣ ሰዓቱ ልብ አለው ከተባለ ልቡ እሷ ናት።

የኋላ ክዳኑ ተከፍቶ ያየ ሰው ይቺን ጎማ አይረሳትም። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሰዓቶች ላይ በሰዓት 28,800 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 8 ጊዜ ትመታለች፣ በቀን ሲሰላ 691,200 ምት ነው። የሰከንድ ቆጣሪው ሳይዘል እየተንሸራተተ የሚሄድ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፣ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግን ስምንት ትንንሽ እርምጃ ነው የሚራመደው። ጆሮ ላይ ሲያስጠጉትም ድምፁ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ አይደለም፣ የተጣደፈ ነው።

የባትሪ ሰዓት፣ ኳርትዝ የሚባለው፣ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ባትሪው አንዲት የኳርትዝ ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ እንድትርገበገብ ያደርጋል፣ ያ እየተቆጠረ ሰከንዱ ይወጣል። ብዙ ሰው የማይቀበለው ግን እውነት የሆነው ነገር ከዚህ ይመጣል፣ ደህና የባትሪ ሰዓት በወር 15 ሰከንድ አካባቢ ነው የሚሳሳተው፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ኮስክ የሚባለው ተቋም ፈትኖ "ክሮኖሜትር" የሚል ማዕረግ የሚሰጠው ሜካኒካል ሰዓት ግን በቀን 4 ሰከንድ ወደኋላ ወይም 6 ሰከንድ ወደፊት ሊሳሳት ይፈቀድለታል። ሮሌክስ ለራሱ ያወጣው ልክ ጠበብ ይላል፣ በቀን 2 ሰከንድ ወደዚህ ወይም ወደዚያ ነው፣ እሱም ቢሆን ቅዳሜ ገበያ ላይ ከምትሸጠው ርካሽ የባትሪ ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ ለውድ ሰዓት የሚከፈለው ገንዘብ ሰዓቱን በትክክል ለማወቅ አይደለም፣ ያንን የፈለገ ስልኩ ይበቃዋል።

ታዲያ ለምን ተወደደ

እንዲያውም ውድ ያደረገው መሸነፉ ነው ማለት ይቻላል። ሴይኮ ቶኪዮ ላይ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት፣ አስትሮን የሚባለውን፣ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ነበር። ከዛ በኋላ በነበሩት አስራ አምስት ዓመታት የስዊስ የሰዓት ሠራተኛ ቁጥር ከ90 ሺህ አካባቢ ወደ አንድ ሦስተኛው ነው የወረደው፣ ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ማሽኖች እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። የተረፉት በሁለት መንገድ ነው የተረፉት። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣው ርካሽና ባለቀለም ፕላስቲክ ስዋች ነው። ሁለተኛው ሜካኒካሉን የሥራ ዕቃ መሆኑን ትቶ የክብር ዕቃ ማድረግ ነበር፣ ለዚህ ምልክት ሆኖ የሚጠቀሰው ኦዴማ ፒጌ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ሮያል ኦክ ነው፣ ዤራር ዤንታ የሚባል ሰው የሳለው፣ ብረት ሆኖ ሳለ ዋጋው ከብዙ የወርቅ ሰዓት በላይ የነበረ። በ1976 ፓቴክ ፊሊፕ ናውቲለስን ይዞ በዛው መንገድ መጣ፣ የሳለውም ያው ዤንታ ነው።

ከዛ ወዲህ ዋጋውን የሚይዘው አቅርቦቱ ነው። ሮሌክስ በዓመት ስንት እንደሚሠራ አይናገርም፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ግን ይገመታል፣ ማለትም እንደሚወራው ብርቅ አይደለም፣ ግን ፈላጊው ከዛም ስለሚበልጥ ኦፊሴላዊ ሻጩ ጋር ሄዶ አንዳንዱን ሞዴል ከመደርደሪያ አንስቶ መግዛት አይቻልም፣ ስም አስመዝግቦ መጠበቅ ነው። ጥበቃው የሰለቸው ሰው ወደ ግሬይ ገበያ ይሄዳል፣ ይሄ ማለት ከኩባንያው ወኪሎች ውጭ ያሉ ነጋዴዎች የሚሸጡበት ነው፣ ሕገወጥ አይደለም ግን ዋጋውን የሚወስነው ፈላጊው ነው። "ሰዓት ዋጋ ይጨምራል" የሚባለው ወሬ የመጣው ከዚች ጠባብ በር ነው፣ ከጥቂት ሮሌክስ፣ ከጥቂት ፓቴክ እና ከጥቂት ኦዴማ ፒጌ ሞዴሎች። ኦሜጋም ሆነ ታግ ሆየር ሆነ ብራይትሊንግ ብዙዎቹ ሞዴሎቻቸው ከሱቅ እንደወጡ ዋጋቸው ይወርዳል፣ ጥሩ ሰዓት አይደሉም ማለት ግን አይደለም፣ ለሚያስረው ሰው እንዲያውም ያገለገለውን በቅናሽ የማግኘት ዕድል ነው።

በኮቪድ ጊዜ ይሄ ነገር ከልክ አለፈ። ፓቴክ ናውቲለስ 5711 የሚባለውን ሞዴል ማምረት እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ሲታወቅ፣ የሱቅ ዋጋው 35 ሺህ ዶላር አካባቢ የነበረ የብረት ሰዓት ግሬይ ገበያ ላይ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። በ2022 ጸደይ ላይ ገበያው ጣሪያ ነካ፣ ከዛ በኋላ ወረደ፣ መውረዱም ዓመታት ቀጠለ፣ ጣሪያው ላይ የገዛ ሰው ሰዓቱን አጥብቆ ቢይዘውም ገንዘቡን አልያዘውም። በ2025 ነሐሴ ደግሞ አሜሪካ የስዊስ ዕቃ ላይ 39 በመቶ ቀረጥ ጣለች፣ ኅዳር ላይ ወደ 15 በመቶ ዝቅ እንዲል ተስማሙ። ጎንደር ላይ እጅ ላይ የታሰረ ሰዓት ዋጋው እንዲህ ባለ ውሳኔ ከፍና ዝቅ ይላል ማለት ነው።

ወርቅ እና ሰዓት አንድ አይደሉም

"ሰዓት ዶላር ነው" የሚሉ ሰዎች ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ዋጋው በብር አይቆረጥም፣ ብር ሲወርድ በብር ያለው ዋጋ ይወጣል፣ ትንሽ ስለሆነ በኪስ ይያዛል፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። የረሱት ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ነው፣ የሚሸጥበት ቀን።

አንዲት እናት ሐብሏን ይዛ ወርቅ ቤት ብትገባ ሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ ስንት ካራት እንደሆነ ይታያል፣ በግራም ይባዛል፣ ከሰዓት በኋላ ገንዘቡን ይዛ ትሄዳለች። ቢጎብጥ ቢቧጨር ቢበጠስ ወርቅ ወርቅ ነው፣ ካርቶኑ የት አለ የሚላት የለም። ሰዓት እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ኦርጂናል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል፣ ከዛ የዋስትና ካርዱ፣ ሳጥኑ፣ መቼና የት እንደተጠገነ ይጠየቃል፣ ከዛ ደግሞ በዛ ዋጋ የሚፈልገው ሰው መገኘት አለበት፣ እሱ ሰው ጎንደር ላይ በቀላሉ አይገኝም፣ አዲስ አበባም ቢሆን በደላላ ነው። ገንዘብ የቸኮለው ሰው ላይ ገዢው ምን ያህል እንደሚጎትት ማንም ያውቀዋል። ቅርፊቱ የወርቅ የሆነ ሰዓትም ቢሆን ወርቅ ቤት ሲገባ የሚከፈለው የቀለጠ ወርቁ ነው፣ ውስጡ ያለው ሥራ ዜሮ ነው የሚታሰበው።

የወረቀት ነገር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2017 ክሪስቲስ የሚባለው አጫራች ድርጅት ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊያቀርበው ነበር፣ ከንጉሡ ቤተሰብ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሳ ከጨረታው ወጣ። የንጉሥ እጅ ላይ መታሰሩ ዋጋውን የሰቀለው ነገር ነበር፣ ከዛ እጅ እንዴት ወጣ የሚለው ደግሞ ሽያጩን አስቆመው። በተራ ሰዓትም ሕጉ ያው ነው፣ ታሪኩ የማይታወቅ ሰዓት ወይ በርካሽ ይሸጣል ወይ አይሸጥም።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ግልጽ ነው፣ ጎንደር ላይ ለሚኖርና ገንዘብ ለማስቀመጥ ብቻ ለሚያስብ ሰው ሰዓት ደካማ ማስቀመጫ ነው። ሊያስረው የወደደ፣ ሥራው የገረመው፣ ለልጁ ላስተላልፈው ብሎ ያሰበ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቀሪው ለሱ ነው።

ኦርጂናል፣ ፎርጂድ እና የተሳሳተው ምልክት

"ሰከንዱ ካልዘለለ ኦርጂናል ነው" የሚባለው ነገር ድሮ የሠራ ነበር፣ ፎርጂዱ ባትሪ ውስጡ ስለነበረ። አሁን ማስተር ኮፒ የሚባሉት ሜካኒካል ሞተር፣ ማለትም ቅድም ያየነው የሞላና የጥርስ ሥራ፣ ነው ያላቸው፣ አንዳንዶቹ የሮሌክስን ሞተር አስመስለው የተሠሩ ናቸው፣ ሰከንዱ እንደ ኦርጂናሉ ነው የሚንሸራተተው። ክብደትም አይለይም። ጥቂት ነገር ግን አሁንም ይረዳል፣ ለምሳሌ ሮሌክስ ሰብማሪነር ከኋላው መስታወት ሆኖ ሞተሩ የሚታይበት ሞዴል የለውም፣ "እይ ውስጡ ሲሠራ" ተብሎ የቀረበላችሁ ሰብማሪነር እዛው ላይ አልቋል። የቀን ቁጥሩ ላይ ያለችው ማጉያ ቁጥሩን ሁለት ተኩል እጥፍ ታጎላዋለች፣ ፎርጂድ ላይ ብዙ ጊዜ አነስ ይላል። የመጨረሻው ፍርድ ግን የሚገኘው ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ብቻ ነው፣ ክዳኑን አላስከፍትም ከሚል ሻጭ ጋር መነጋገር ትርፉ ድካም ነው።

"ስዊስ ሜድ" የሚለው ጽሑፍም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሁሉ ነገሩ ስዊዘርላንድ ተሠራ ማለት አይደለም፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያለው ሕግ ከማምረቻ ወጪው ቢያንስ 60 በመቶው፣ ሞተሩም ስዊስ እንዲሆን፣ መገጣጠሙና የመጨረሻ ፍተሻው እዛ እንዲሆን ነው የሚለው።

የሀበሻ ሰዓት እና የቀኗ መስኮት

ስለ ሰዓት አመራረጥ የሚጻፈው ሁሉ የተጻፈው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ለሚጀምር ሰው ነው፣ እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ነው የምንጀምረው፣ እና ይሄ ልዩነት ሜካኒካል ሰዓት ላይ ሲመጣ ሰዓቱን እስከማበላሸት ይደርሳል፣ ለዚህ ነው እዚህ ላይ ቆም የምለው።

ሰዓትና ደቂቃው አያስቸግርም። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ስለሆነ፣ በ12 የተከፈለ ፊት ላይ ስድስት ማለት ፊት ለፊት ያለው ነው። በፈረንጅ በተሞላ ሰዓት ላይ የአጭሯ ዘንግ ጭራ የሚያመለክተው የሀበሻውን ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ 9፡20 ሲል ጭራዋ 3 ቁጥርን አለፍ ብላ ትቆማለች፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ማለት ነው። ውጭ ዘመድ ያለውና በረራ የሚከታተል ሰው ጂኤምቲ የሚባለውን ቢመርጥ ደግሞ ይመቸዋል፣ አራተኛ ዘንግ አለው፣ በ24 ሰዓት ነው የሚዞረው፣ ዋናዋን ዘንግ በሀበሻ ሞልቶ አራተኛዋን በፈረንጅ መተው ይቻላል።

ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። ውስጥ ያለው ጥርስ የቀን ቁጥሩን የሚገፋው በቀን አንድ ጊዜ ዘንጎቹ 12 ላይ ሲደርሱ ነው፣ እሱን "እኩለ ሌሊቴ" ብሎ ነው የሚያውቀው። በሀበሻ ከሞላችሁት 12 የሚለው ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት። ያለ ማሰብ የተሞላ ሰዓት ቀኑን ምሽት 12 ላይ ይቀይረዋል፣ እራት ሳይበላ ነገ ይሆናል። ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ጠዋት ላይ ዘንጎቹን ወደፊት እያዞሩ ቀኑ እስኪቀየር መጠበቅ፣ ያ ንጋት 12 ነው ብሎ ከዛ ጀምሮ ትክክለኛው ሰዓት ላይ ማድረስ።

ከዚህ የሚብሰው ግን ቀኑን በማዞሪያዋ ቶሎ ቶሎ መቀየሩ ነው። ብዙ ሞተሮች ላይ ቀኑ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያሉት ሦስት ሦስት ሰዓታት ጥርሶቹ የተያያዙበት ጊዜ ነው፣ ያኔ በግድ ከተቀየረ ጥርሱ ይሰበራል ወይ ይበላሻል። መመሪያው ላይ "ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 3" ብሎ በፈረንጅ ይጽፈዋል፣ ያንን ያነበበ ሰው በሀበሻ ተርጉሞ ምሽት ሦስት ሰዓት ብሎ ይጠነቀቃል፣ ሰዓቱን በሀበሻ ሞልቶ ቀኑ ንጋት ላይ የሚቀየር ከሆነ ግን አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ነው፣ ልክ ሰው ጠዋት ተነስቶ ሰዓቱን የሚያስተካክልበት ጊዜ። አጭሩ መንገድ መጀመሪያ ዘንጎቹን ወደ 6 ቁጥር ማውረድ፣ ከዛ ቀኑን መቀየር ነው፣ በየትኛውም አቆጣጠር 6 ላይ ጥርሶቹ ነፃ ናቸው።

በኛ ቀን ለሚቆጥር ሰው ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የቀኑ ቀለበት 31 ቁጥር ነው ያለው፣ የኛ ወር 30 ነው፣ ስለዚህ በፈረንጅ በዓመት 5 ጊዜ የሚታረመው በኛ 13 ጊዜ ይታረማል፣ ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማዞር ነው። ከፍተኛ ዋጋ የሚከፈልበት ፐርፔችዋል ካላንደር፣ ማለትም የካቲታቸው 28 ይሁን 29 ራሱ አውቆ የሚያልፈው ሰዓት፣ ለኛ ቀን ምንም አይጠቅምም። ቀን የሌለው ሰዓት መምረጥ እዚህ አገር ድህነት አይደለም፣ ብልህነት ነው።

ማን ይጠግነዋል

ሜካኒካል ሰዓት እንደ መኪና ዘይት አለው፣ ዘይቱ ከአምስት እስከ አስር ዓመት ባለው ጊዜ ይደርቃል ወይ ይጠነክራል፣ ከዛ ብረት በብረት ይፈጫል። ሙሉ ሰርቪስ ማለት ሞተሩ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ዘይት ተነክቶ፣ ተስተካክሎ መገጠሙ ነው። የትልልቆቹ ብራንዶች ይፋዊ አገልግሎት ጎንደር የለም፣ ውጭ ተልኮ ብዙ መቶ ዶላር ተከፍሎበት ነው የሚመጣው፣ የሚወስደውና የሚያመጣው ሰው እስኪገኝ የሚያልፈው ጊዜ ሌላ ነው። የሮሌክስ መለዋወጫ ደግሞ ለማንኛውም ጠጋኝ አይሸጥም።

ከተማው ውስጥ ያሉት ሰዓት ጠጋኞች አብዛኛው ሥራቸው ባትሪና ማሰሪያ መቀየር ሆኗል፣ ስልክ መጥቶ ሥራቸውን ወሰደው፣ ግን ማጉያዋን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አሮጌ ሴይኮ ፈትተው የሚገጥሙ እጆች አሁንም አሉ። እና ለመምረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ብራንዱ ሳይሆን ይሄ መሆን አለበት ባይ ነኝ፣ ይሄ ሞተር እኔ ባለሁበት ከተማ የሚከፍተው ሰው አለ ወይ? እንደ ሴይኮ ኤንኤች35 እና ሚዮታ ያሉ የጃፓን ሞተሮች፣ ከስዊሶቹ ደግሞ ኢቲኤ 2824 እና የሱ መንትያ የሆነው ሴሊታ ብዙ ብራንድ ውስጥ ስለሚገቡ መለዋወጫቸው ይገኛል፣ ሞተሩ ጨርሶ ቢሞት እንኳ ሌላ ሙሉ ሞተር አስመጥቶ መቀየር ይቻላል። "ኢን ሀውስ"፣ ማለትም ኩባንያው ራሱ ብቻ የሠራው ሞተር፣ ማስታወቂያ ላይ ክብር ነው፣ የሚጠግን ሰው ለሌለው ግን ሸክም ነው። በዚህ ላይ የማይስማሙ ሰብሳቢዎች አሉ፣ የሰዓት ነፍሱ ራሱ የሠራው ሞተር ላይ ነው ይላሉ፣ ክርክራቸው ይገባኛል፣ ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ቆሞ ጠጋኝ የሚጠብቅ ሰዓት ግን ነፍሱ ምኑ ላይ እንዳለ አይታየኝም።

አንዳንዴ ደግሞ ብልሽት የሚመስለው ብልሽት አይደለም። ሰዓቱ ባንድ ቀን ውስጥ ደቂቃዎች መቅደም ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማግኔት ነው፣ ከስፒከር ወይም ከስልክ ሽፋን ማግኔት አጠገብ አድሮ ቀጭኗ ሞላ እርስ በርሷ ተጣብቃ ነው። ማግኔት የሚያጠፋ ትንሽ መሣሪያ ላይ ለሰከንዶች ማሳለፍ ይበቃል፣ ሳይፈታ።

የአባት ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ከማንም በፊት ስብስቡን ጀምሯል። ሴይኮ 5 እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚሠራ ነው፣ አሮጌዎቹ ዛሬም ይነሳሉ። ግን ሃያ ዓመት የቆመን ሰዓት አንስቶ ወዲያው መሙላትና ማሠራት አያስፈልግም፣ በደረቀ ዘይት ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያ ይታጠብ። ፊቱን አዲስ ቀለም አስቀብተው የሚያመጡም አሉ፣ እባካችሁ አታስቀቡት፣ የቢጫው ጥላና የጠፋው ቁጥር የዚያ ሰው ዕድሜ ነው፣ ሰብሳቢም የሚከፍለው ለሱ ነው።

ውሃ፣ ጥር 11

ፊቱ ላይ "30 ሜትር" የሚል ሰዓት 30 ሜትር ጠልቆ ይወጣል ማለት አይደለም፣ ላብራቶሪ ውስጥ በቆመ ውሃ አዲስ ሆኖ ያን ግፊት ቻለ ማለት ነው። እጅ ሲታጠቡ የሚረጭ ውሃ ይችላል፣ ከዛ አያልፍም። ለዋና ቢያንስ 100 ሜትር የሚልና ማዞሪያዋ እንደ ብሎን ተጠምዝዛ የምትዘጋ ይሻላል፣ እሱም ውስጡ ያለው ውሃ የሚከለክለው ጎማ ካላረጀ ነው። የጥምቀት ለት ፋሲል መዋኛ ጠበሉ ተባርኮ ሰው ሲዘል፣ ዳር የቆመውም ከላይ እስከ ታች ሲርስ፣ ማዞሪያዋ ወጣ ብላ የቀረች ሰዓት ውስጧ በአንዴ ነው የሚሞላው። ከሰዓት በኋላ ታቦቱን አጅባችሁ ስትመለሱ መስታወቱ ውስጥ ጭጋግ ካያችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ሩዝ ውስጥም አትቅበሩት፣ ጭጋጉ ቢጠፋ ውሃው አልወጣም፣ ብረቱ ላይ ነው ያለው። በዓል ቢሆንም ጠጋኙን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ በዛው ቀን ክዳኑን አስከፍቱት፣ ለሚካኤል ማግስት ከተባለ ዝገቱ ቀድሞ ገብቷል።